ሥርዓት ሲቀየር ፖሊሱስ? ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጡ ጥያቄዎች

ሰላም ወሎዬዎች! ድሮ ፖሊስ ነበርኩ፤ ኋላ ሕግ አስተማርኩ። ስለ ፖሊስ ለውጥ የላካችሁልኝ ጥያቄ ስለበዛ ዛሬ ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ።

ጋሼ፣ መንግሥት በተቀየረ ቁጥር ፖሊስ የግድ ይፈርሳል? (ከአራዳ፣ ደሴ)

የግድ አይደለም። እኛ ጋ ግን ሁሌም ይናጋል። ዘመናዊው ፖሊስ በአዋጅ የቆመው ጣሊያን በወጣ ማግስት፣ በ1934 ነው። ደርግ ሲመጣ አላፈረሰውም፤ ከጎኑ የቀበሌ አብዮት ጥበቃ አቆመበት። መሣሪያ ይይዛል፣ ሰው ያስራል፣ ለጣቢያ አዛዥ ግን አይታዘዝም። በ1983 ደግሞ ሰፈር መጠበቁ ለሰላምና መረጋጋት ኮሚቴ ተሰጠ። ብዙ ልምድ ያለው መርማሪ ቤቱ ተቀመጠ።

ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው። የተሰረቀበትን ክፍል ሳይነኩ ማቆየት፣ አሻራ ማንሳት፣ ምስክሮችን ለየብቻ ጠይቆ ቃላቸውን ማነጻጸር በአንድ ጀምበር አይለመድም። ማስረጃ መሰብሰብ የማያውቅ መርማሪ የሚቀናው ተጠርጣሪውን አስጨንቆ ማናዘዝ ነው። ማዕከላዊ የሚባለው የአዲስ አበባው የምርመራ እስር ቤት በ2010 ተዘጋ፤ ደግ ተደረገ። ግን ሕንፃ ሲዘጋ የምርመራ ልማድ አብሮ አይዘጋም።

እንደ ጆርጂያ ሁሉንም አባሮ ከዜሮ መጀመርስ? (ከሙገድ)

ይሄን ሐሳብ ብዙ ሰው ይወደዋል። ጆርጂያዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ትራፊክ ፖሊሱን ጠቅልለው አባረሩት፤ 15 ሺህ ገደማ ሰው ነው። አዲስ ተመልማዩ ደህና ደመወዝ ተቆረጠለት። የመንገድ ላይ ጉቦ በእውነት ወረደ፤ ይሄን መካድ አይቻልም። ግን አዲሱም ፖሊስ የሚታዘዘው ለአንድ ጠንካራ ሚኒስትር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ተቃዋሚዎች አደባባይ ሲወጡ በጭስና በዱላ ተበተኑ። ጉቦ የማይበላ ፖሊስም የገዢው ፓርቲ ዱላ ሊሆን ይችላል።

ደቡብ አፍሪካ ሌላውን መንገድ ሞከረች። ከአፓርታይድ በኋላ 11 የፖሊስ ኃይሎችን በአንድ አዋሃደች፤ የድሮዎቹን ከነልምዳቸው ያዘች። እ.ኤ.አ. በ1997 ፖሊስን የሚመረምር፣ ከፖሊስ ውጭ የሆነ ተቋም አቋቋመች። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2012 ማሪካና ላይ ፖሊስ 34 ማዕድን ሠራተኞችን ገደለ። እኔን ብትጠይቁኝ ግን ከጆርጂያው የደቡብ አፍሪካውን እመርጣለሁ። ቢያንስ ጥፋት ሲደርስ መዝገቡን የሚከፍት የውጭ ሰው አለ።

የደሴ ፖሊስ አለቃው ማነው? ፌዴራል ፖሊስ ያዘዋል?

አያዘውም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 51 የፌዴራሉን፣ በአንቀጽ 52 የክልሉን ፖሊስ ለየብቻ አቁሟል። የእናንተው በክልሉ ፖሊስ ኮሚሽን ሥር ነው።

ልዩ ኃይሉ ፈርሶ ወደ ፖሊስ ሲገባ ጥሩ አልነበረም? (ከኮምቦልቻ፣ በርበሬ ወንዝ)

በ2015 መጋቢት መጨረሻ የክልል ልዩ ኃይሎች በመከላከያ፣ በፌዴራልና በክልል ፖሊስ ሥር እንዲገቡ ተወሰነ። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ጤነኛ ነው። ግን ለውጊያ የሠለጠነን ልጅ ዩኒፎርም ለውጦ ጣቢያ ማስቀመጥ ፖሊስ አያደርገውም። ወታደር ጠላት ይፈልጋል፤ ፖሊስ ደግሞ የባልና ሚስት ጠብ ይገላግላል፣ የሰከረ ጎረምሳ ቤቱ ያደርሳል። በተለይ ውሳኔው ያን ያህል ቅሬታ አስነስቶ ሳለ እንደገና ለማሠልጠን ሰፊ ጊዜ ያስፈልግ ነበር።

ባጃጅ ነጂ ነኝ። ትራፊኩ «ለሻይ» ሲለኝ ምን ላድርግ?

ክሱን በጽሑፍ ይስጥህ፤ ቅጣቱን በደረሰኝ ክፈል። ሥራ እንደሚያስፈታህ አውቃለሁ።

ወንድሜ ከታሰረ አራት ቀኑ ነው፣ ፍርድ ቤት አልቀረበም። (ከሸዋ በር)

አብሽሪ እህቴ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 በ48 ሰዓት ውስጥ ይቅረብ ይላል። ከዚህ ውጭ የሚታለፈው ወደ ፍርድ ቤቱ ለመድረስ የሚያስፈልገው የመንገድ ጊዜ ብቻ ነው። ካላቀረቡት አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ለፍርድ ቤት አስገቢ። አቤቱታው ላይ መቼ፣ የት፣ ማን እንደያዘውና አሁን የትኛው ጣቢያ እንዳለ ይጻፍ። «ማን እንደወሰደው አናውቅም» ከሆነም ያንኑ ጻፊ። አንድ ማሳሰቢያ፦ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲኖር የ48 ሰዓቱ ሊታገድ ይችላል። ጭካኔን የሚከለክለው አንቀጽ 18 ግን በምንም አዋጅ አይነካም።

ፖሊስ ቢመታኝ የት እከሳለሁ?

ፖሊስን ብቻ የሚመረምር ተቋም እኛ ጋ የለም። ያለው ዐቃቤ ሕግ፣ የሰብአዊ መብት ኮሚሽንና እንባ ጠባቂ ነው። ኮሚሽኑ መርምሮ ምክረ ሐሳብ ይሰጣል፤ የወንጀል ክስ ግን ራሱ አይመሠርትም። የትም ብትሄድ ቀድመህ ሐኪም ቤት ግባ። ሰንበር በሳምንት ይጠፋል፤ የዚያኑ ዕለት የተጻፈ የሐኪም ማስረጃ ግን ችሎት ፊት ይቆማል። ኮፒውን እቤት አስቀምጥ፣ ዋናውን ለማንም እንዳትሰጥ።