አንተ አይደለህ አስተማሪው?

ልጆቼ፣ ባሕር ዳር ላይ 31 ዓመት ሥነ ሕይወት አስተምሬ ጡረታ ወጣሁ። አምና ሰኔ ላይ ታዲያ አንዲት ሐረግ ፈተነችኝ።

ወዳጄ ከፍኖተ ሰላም ሲመጣ በቆርቆሮ የተተከለች ችግኝ ይዞልኝ መጣ። “ምንድን ናት?” ብለው “አንተ አይደለህ አስተማሪው?” ብሎ ሳቀብኝ። አላውቃትም ማለት አፍሬ “አዞ ሐረግ ናት” አልኩት። ድፍረቴ! የልጅ ልጄ ቅጠሏን በስልኳ አንስታ “ወይን ነው ይላል” አለች። ሁለታችንም ተሳስተናል።

ቅጠሉን ብቻ ነበር ያየነው። እናንተ ግን ሐረግ ስታገኙ መጀመሪያ በምን እንደምትንጠላጠል እዩ። አዞ ሐረግ በቅጠሉ ዘንግ ይጠመጠማል። ወይን እንደ ሞላ የተጠቀለለ ክር አለው፤ ክሩ የሚወጣው ግን ከቅጠሉ ትይዩ፣ ከግንዱ ማዶ ነው። የእኔዋ ክር ከቅጠሉ ብብት ነበር የሚወጣው። ይህን ለማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ተማሪዬ እንዲህ ቢመልስልኝ ዜሮ ነበር የምሰጠው። ደግሞ ስሟን ሳታውቁ እንዳትቀምሷት፤ የአዞ ሐረግ ጭማቂ ቆዳ እንኳ ያቃጥላል።

ክረምቱን ውሃ የሚተኛበት ቦታ ተክያት ቢጫ ሆነች። ሥሯ እንዳይበሰብስ ነቅዬ ከፍ ያለ መደብ ላይ አዛወርኳት። ከዚያ አሳዘነችኝና ፍግ አበዛሁባት፤ ቅጠል በቅጠል ሆነች፣ አበባ የለም። ናይትሮጅን ሲበዛ እንዲህ ነው። ፍጉን ትቼ ፀሐይ የሚያገኘው የሽቦ አጥር ላይ ለቀቅኳት። (ውርጭ አትችልም፤ ጮቄ ሥር ላላችሁ አልመክርም።)

ዘንድሮ ዐቢይ ጾም ላይ አበበች። አሥር ነጭ ቅጠሎች፣ መሃል ላይ ወይን ጠጅና ነጭ የክር ዘውድ፣ አምስት ወንዴ፣ ሦስት የሴቴ ጫፍ። ፓሽን ፍሩት! ጭማቂ ቤት ስንት ዓመት ጠጥቻታለሁ፣ አበባዋን ግን አላውቀውም ነበር።

“ፓሽን” ብዙ ሰው ፍቅር ይመስለዋል። እዚህ ላይ ግን ሕማማት ማለት ነው። ድሮ ደቡብ አሜሪካ የሄዱ የስፔን ሚሲዮናውያን የክሩን ዘውድ የእሾህ አክሊል፣ አምስቱን ወንዴ አምስቱ ቁስሎች፣ ሦስቱን ሴቴ ችንካሮቹ ናቸው ብለው ነው እንዲህ የሰየሟት።

ይህን ለጎረቤቴ ለመሪጌታ ብነግራቸው አበባዋን ጎንበስ ብለው ቆጠሩና ተቆጡ። “ችንካሩማ አምስት ነው! ሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራ፣ ሮዳስ!” ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ቁራጭ ትደርሰኝ እንደሆነ ጠየቁኝ።