የወታደር ደሞዝ ከገበያው እኩል ይጨምራል ወይ?

ጥያቄ፦ ከደሴ ነው የምጽፍላችሁ፣ ባለቤቴ ወታደር ነው፣ የሚልክልኝ ብር ያው ነው ግን ሰኞ ገበያ ስወጣ ዘንቢሌ ግማሽ ሳይሞላ ያልቃል፣ ባለፈው ዘይቱን መልሼ አስቀምጬ ሽንኩርት ብቻ ይዤ ገባሁ። አሜሪካ ኑሮ ሲወደድ የወታደር ደሞዝ በራሱ ይጨምራል ይላሉ፣ እውነት ነው?

መልስ፦ አብሽሪ እህታችን፣ ዘይቱን መልሰሽ ማስቀመጥሽ በጣም ነው ያሳዘነን። የሰማሽው ግማሹ እውነት ነው። እዛ ከዋጋ ጋር በቀጥታ የታሰረው የጡረተኛው ወታደር አበል ነው፣ ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር ያለው የዋጋ አማካይ ካምናው ጋር ይነጻጸርና ጭማሪው በዛ ልክ ይሰራለታል፣ በስራ ላይ ያለው ግን መነሻው የግል ድርጅት ሰራተኞች ደሞዝ እድገት ነው፣ ኮንግረሱም ሊቀይረው ይችላል። ለዛ ነው እኤአ በ2023 ጡረተኛው 8.7 በመቶ ሲጨመርለት በስራ ያለው 4.6 ብቻ ያገኘው። ህንድ ደግሞ ለወታደሩም ለሲቪሉም የኑሮ ውድነት አበል አላት፣ በዓመት 2 ጊዜ ይከለሳል፣ ለኔ ይሄኛው ይሻላል ምክንያቱም ዘይት ዓመት ጠብቆ አይደለም የሚጨምረው። እኛም ጋ የስታቲስቲክስ አገልግሎት የዋጋ ንረቱን በየወሩ ያወጣል፣ መለኪያው አለ ማለት ነው፣ የባለቤትሽም ደሞዝ ከሱ ጋር ቢታሰር ከልቤ ደስ ይለኛል።