እህቴና እኔ፦ አንድ በሽታ፣ ሁለት ዓይነት ሕመም?

ጥያቄ፦ እኔም ታናሽ እህቴም ሲክል ሴል የሚባለው በዘር የሚተላለፍ የደም በሽታ አለብን። እሷን አልፎ አልፎ ብቻ ያማታል፤ እኔን ግን በየጊዜው አልጋ ላይ ይጥለኛል። የደም ውጤታችንም ለየቅል ነው። በሽታው አንድ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ በሽታው አንድ ነው፤ አብረውት የወረሳችኋቸው ሌሎች ጂኖች ግን ይለያያሉ።

ዋናው ነገር የፅንስ ሄሞግሎቢን፣ ማለትም በፅንስነታችን ኦክስጅን የሚሸከምልን የቀይ ደም ሕዋስ ፕሮቲን ነው። ማህፀን ውስጥ ሳለን የምንጠቀምበት ሲሆን፣ ከተወለድን በኋላ ቢሲኤል11ኤ የሚባል ጂን እንዳይመረት ያፍነዋል። ይህ ጂን ሰነፍ የሆነበት ሰው ግን (የተባረከ ስንፍና!) የፅንሱ ሄሞግሎቢን በዛ ብሎ ይቀርለታል፤ እሱም የታመመው ሄሞግሎቢን እርስ በርስ ተጣብቆ ሕዋሱን እንደ ማጭድ እንዳያጣምመው ያግዳል። ስለዚህ ውጤታችሁ ላይ መጀመሪያ ኤችቢኤፍ (የፅንስ ሄሞግሎቢን መጠን) የሚለውን አስተያዩ። በ2023 መጨረሻ እንግሊዝና አሜሪካ ከፈቀዷቸው የጂን ሕክምናዎች አንዱም የሚነካው ይህንኑ ጂን ነው።

ከሁለት አንዳችሁ ሃይድሮክሲዩሪያ የምትወስዱ ከሆነ ግን ቁጥሩን መድኃኒቱም ከፍ ስለሚያደርገው ማወዳደሩ ያሳስታል።

አልፋ ታላሴሚያ የሚባለው ሌላ በዘር የሚወረስ የሄሞግሎቢን ችግር ደግሞ ጉደኛ ነው። አብሮ ከተወረሰ ቀይ የደም ሕዋስ ቶሎ አይፈርስም፣ ሄሞግሎቢን ከፍ ይላል፣ የስትሮክ ስጋትም ይቀንሳል። ሕመሙ ግን አይቀንስም፤ እንዲያውም ደሙ ስለሚወፍር ሊብስ ይችላል። «ሄሞግሎቢንሽ እኮ ጥሩ ነው፣ ምን ሆንሽ?» የሚልሽ ካለ አትስሚው።

ቢሊሩቢንሽ (ቀይ የደም ሕዋስ ሲፈርስ የሚወጣው ቢጫ ነገር) ከእሷ በጣም ከፍ ካለም፣ እሱን ለማስወገድ የሚረዳው ዩጂቲ1ኤ1 የተባለው ጂን ልዩነት ሊኖርበት ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ለሐሞት ጠጠር ይበልጥ ስለሚጋለጥ፣ ከጎድን አጥንት ሥር በቀኝ በኩል ካመመሽ አልትራሳውንድ ጠይቂ።