ሜዳችን ላይ ችካል ሲተከል

እህቴ፣ «ልጆቻችን የሚጫወቱበት ሜዳ ላይ ችካል ተተከለ፤ ለቤት ማኅበር ሊሰጥ ነው ይባላል፤ ክፍት ቦታ ላይ እንዲህ መሥራት ይቻላል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ የእድር ጸሐፊ ሆኜ ይኸው ነገር ደርሶብናል። ረዘም ቢልም ልንገርሽ።

የእኛ ሜዳ ታቦት የሚያድርበት የጥምቀት ሜዳ አይደለም፤ ስም እንኳ አልነበረውም። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ሰው ሲሞት የእድሩ ድንኳን የሚተከለው እዚያው ነው። የማን እንደሆነ ግን ጠይቀን አናውቅም። ችካሉ ሲተከል ተሰብስበን ማዘጋጃ ቤት ሄደን ጮህን፣ «ከአባቶቻችን ጀምሮ የኛ ነው» አልን። ያነጋገረን ባለሙያ የጠየቀን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ፕላኑ ላይ ምን ተብሎ ነው የተያዘው?» ማናችንም መልስ አልነበረንም። ዝም ብለን ተመለስን። እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ መጀመሪያ ፕላኑን እዪ። በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት ሁለት ዓይነት ፕላን አለ። መዋቅራዊ ፕላኑ ከተማውን በሙሉ ያሳያል፣ ለ10 ዓመት ያገለግላል። የአካባቢ ልማት ፕላኑ ደግሞ ሰፈር ድረስ ወርዶ መኖሪያውን፣ መንገዱን፣ አረንጓዴውን ይለያል። ሜዳሽ በሁለቱም ላይ ምን ተብሎ እንደተያዘ አረጋግጪ። አረንጓዴ ወይም የስፖርት ቦታ ከተባለ፣ ፕላኑ ራሱ በሥርዓቱ ሳይለወጥ ለቤት መሸንሸን የለበትም። ፕላን ከመጽደቁ በፊት ደግሞ ሕዝብ ሊወያይበት ይገባል። ተለወጠ ካሉሽ የውይይቱን ቃለ ጉባኤ ጠይቂ። መኖሪያ ተብሎ ከተያዘ ግን አልዋሽሽም፣ ይከብዳል። ያኔ ያለሽ መንገድ ፕላኑ እንዲከለስ መጠየቅ ነው።

«ማየት አይቻልም» ቢሉሽ በቃል አትከራከሪ። በጽሑፍ ጠይቂ፣ መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጊ፣ ቁጥሩን ያዢ። በመረጃ ነጻነት አዋጅ 590/2000 መሠረት በ30 ቀን ውስጥ መልስ ሊሰጥሽ ይገባል። እኛ ፕላኑን ያየነው እንዲህ ከጻፍን በኋላ ነው።

ስናየው ግማሹ አረንጓዴ ነው፣ ግማሹ መኖሪያ። አረንጓዴው ላይ የነበሩት ችካሎች ተነቀሉ። በሌላው ግማሽ ላይ ቤት ተሠራ። ያ ጎን ዝቅ ያለ ነው፣ አፈሩም ዋልካ ነው። የክረምቱ ውኃ ድሮ እዚያ ተኝቶ ቀስ እያለ ይሰርግ ነበር፤ አሁን ሐምሌና ነሐሴ አጥር ጥሶ ሰው ቤት ይገባል። ይህን በማመልከቻችን ላይ አልጻፍንም ነበር። የእናንተ ሜዳ ውኃ የሚተኛበት ከሆነ አንቺ ጻፊው፤ በዝናብ ጊዜ የተነሣ ፎቶ ካለም አያይዢ።

ደግሞ የማኅበሩን አባላት ጠላት አታድርጊ። ቆጥበው፣ ተራ ጠብቀው፣ ቤት የሚፈልጉ ሰዎች ናቸው፤ ቦታውን የመረጡትም እነሱ አይደሉም። እኛ ሰፈር አንዳንዱ ተሳድቦ ዛሬ ጎረቤቱ ሆኗል። ማመልከቻው ላይ «ለነሱ ሌላ ቦታ ይፈለግላቸው» የሚል ዓረፍተ ነገር ይግባበት። የምታውቂው ባዶ የዕቃ መጋዘን ወይም ታጥሮ ዓመታት የተቀመጠ ቦታ ካለ ጠቁሚ። በከተሞቻችን ፕላን 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴ፣ 40 በመቶ ለግንባታ የሚል መርህ አለ፤ እሱንም አንሺው።

ብቻ ቶሎ በዪ። ችካል ይነቀላል። ካርታ ከወጣና መሠረት ከተቆፈረ ግን ጉዳዩ ፍርድ ቤት ነው፤ ዓመት ይፈጃል። የኛ ማመልከቻ ግልባጭ እጄ ላይ አለ፤ በውስጥ መስመር ጻፊልኝና እልክልሻለሁ።