ብዙ ኪሎ ሜትር የሄደ የስፖርት መኪና ይገዛል ወይ?

ወንድሜ፣ «150,000 ኪሎ ሜትር የሄደ የስፖርት መኪና ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» ብለሃል። ቁጥሩ ብቻውን አያስፈራህ፤ ዋናው አያያዙ ነው። ሞተሩ ሳይሞቅ ነዳጅ እየተረገጠ የተነዳ መኪና ቶሎ ያልቃል። ዘይቱ በሰዓቱ የተቀየረለት ግን ብዙ ሄዶም ቀጥ ብሎ ይሠራል። ለምሳሌ ማዝዳ ኤምኤክስ-5ን ውሰድ፤ መኪናው ቀላል ስለሆነ ሞተሩ ብዙ አይደክምም።

የማዝዳው አርኤክስ-8 ግን ሌላ ነው። ሮታሪ ሞተሩ (በፒስተን ፈንታ ሮተር የሚባል ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት የሚሽከረከርበት) ዘይት የሚበላው ተበላሽቶ ሳይሆን አሠራሩ ስለሆነ ነው። የሮተሩ የጫፍ ማሸጊያዎች ሲያልቁ ኮምፕሬሽን (ሞተሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) ይወርዳል፤ ሞተሩ ሲግል አልነሳም ይላል። ኮምፕሬሽኑን ሳታስለካ በጭራሽ እንዳትገዛ!

ፖርሽ 911 ካማረህ፣ በፈረንጆቹ ከ1990ዎቹ መጨረሻ እስከ 2000ዎቹ አጋማሽ የተሠሩት የአይኤምኤስ ኩሽኔታ (ሞተሩ ውስጥ ያለውን መካከለኛ ዘንግ የሚይዘው) ጣጣ አለባቸው፤ ቱርቦውንና ጂቲ3 የሚባለውን ሞዴል ግን አይጨምርም። ኩሽኔታው ከተሰበረ ሞተሩን ይዞት ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ የዘይት ፊልትሮውን አስወጣና አስቀድደው፤ እጥፋቶቹን በባትሪ እያበራህ እይ። የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ካየህ ተወው።

ቆሞ የከረመ መኪናም በትንሽ ኪሎ ሜትሩ አያታልልህ። ጎማ ነክ ነገሩ ሁሉ ቆሞም ይደርቃል። እኔ ብሆን በየጊዜው የተነዳውንና የጥገና ደረሰኝ ያለውን እመርጣለሁ።