መልስ፦ የስፒከር ሽቦ በማዝዳ ኤምኤክስ-5 በር ስለማሳለፍ

የማዝዳ ኤምኤክስ-5 መኪናዎን የበር ስፒከር ሽቦ በአዲስ ሲቀይሩ አላልፍ እንዳለዎት ጠይቀዋል። አዲሱ ሽቦ በበሩና በቦዲው መካከል ባለው፣ ሽቦዎች በሚያልፉበት የጎማ ቱቦ አላልፍ ያለዎት ጎማው ከቦታው ስላልወጣ ነው። በመጀመሪያው ትውልድ ኤምኤክስ-5 ባትሪው ያለው ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ስለሆነ፣ አስቀድመው የባትሪውን ኔጋቲቭ (−) ገመድ ይንቀሉ። ከዚያ የጎማውን ሁለት ጫፎች ከቀዳዳቸው አውጥተው፣ የአዲሱን ሽቦ ጫፍ በጠንካራ ቀጭን የብረት ሽቦ ላይ በቴፕ አስረውና የሳሙና ውሃ ቀብተው ቀስ ብለው ይሳቡት። አሮጌው የስፒከር ሽቦ ከሌሎች ሽቦዎች ጋር ተጠቅልሎ የታሰረ ከሆነ አይጎትቱት፤ ሁለቱን ጫፎቹን ሸፍነው እዚያው ይተዉት። ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ ከበቂ በላይ ነው።

በሥራ ላይ ደጋግሜ ስላየሁት ግን አንድ ነገር ላስጠንቅቅዎ፦ በአንዳንድ አሮጌ መኪኖች እንደሚደረገው የስፒከሩን ኔጋቲቭ ከቦዲው ጋር አያገናኙ፤ የዛሬ የመኪና ቴፖች (የራዲዮና የሙዚቃ ማጫወቻዎች) ለእያንዳንዱ ስፒከር ሁለቱንም ሽቦ ለየብቻ ስለሚፈልጉ፣ ቴፑ ሊቃጠል ይችላል።