መልስ፦ ከማህፀን ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣን ትውከት ስለ መከላከል

እህትዎ ዕጢ በወጣላት ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ እንዳስታወከች ጠቅሰው፣ አሁን ማህፀኗ ሲወጣ ይህ እንዳይደገም መድኃኒት መኖሩን ጠይቀዋል። አለ፤ ነገር ግን መሰጠት ያለበት ማስታወክ ከጀመረች በኋላ ሳይሆን ገና ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ሳለች ነው።

የተለመደው ጥምረት ማደንዘዣው ሲጀመር ከ4 እስከ 8 ሚሊ ግራም ዴክሳሜታዞን፣ ቀዶ ሕክምናው ሊያበቃ ሲል ደግሞ 4 ሚሊ ግራም ኦንዳንሴትሮን በደም ሥር መስጠት ነው። የሚሠሩበት መንገድ ስለሚለያይ፣ ሁለቱ አብረው ሲሰጡ አንዱ ብቻውን ከሚሰጠው የተሻለ ይከላከላሉ። ሴት መሆኗ፣ ቀድሞ ማስታወኳ፣ እንደ ሞርፊን ያለ ማስታገሻ መውሰዷ፣ የሚገርመው ደግሞ ሲጋራ አለማጨሷም ጭምር ስጋቱን ከፍ ስለሚያደርጉት፣ የቀድሞውን ሁኔታ ከቀዶ ሐኪሙ ይልቅ በተለይ ለማደንዘዣ ባለሙያው ትንገረው። የስኳር ወይም የልብ ምት ችግር ካለባት ይህንንም አትተው።

በሥራዬ ደጋግሜ የማየውን አንድ ነገር ልጨምር። ታማሚዋ ዋርድ ገብታ ስታስታውክ አስታማሚዎች በጥድፊያ ወደ ቸርችል ጎዳና ፋርማሲዎች ወርደው ያንኑ ኦንዳንሴትሮን ገዝተው ይመለሳሉ፤ ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ከተሰጣት በኋላ ባሉት 6 ሰዓታት ውስጥ መድገሙ ግን እምብዛም ስለማይረዳ፣ ሐኪሙ ከሌላ የመድኃኒት ቡድን እንዲያዝላት ያስፈልጋል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ምን፣ በስንት ሰዓት እንደተሰጣት ነርሷን ይጠይቁ።